እጥበት

ውጭ ይዘንባል። ቺሎኤ ደሴት ላይ ዝናብ ወሬ አይደለም፤
ያባራ ለት ካልሆነ፣ ከደጅ ወጥቶ «ምነው?» የሚል የለም።
ኤደልሚራ የድንች ጎተራዋን በር ከውስጥ ቆለፈች፣
ስንጥቁን በብርድ ልብስ፣ የቁልፉን ቀዳዳ በሰም ደፈነች፣
ከጀልባው ግራ ጎን የነቀለችውን ቀይ መብራት አበራች።

ሁለት ትልልቅ ሳህን፣ አንድ ባልዲ፣ ስፖንጅ፤
ከምድጃው ጥግ፣ ለብ ባለ ውሃ የተዘፈዘፈ ጠርሙስ፤
ውስጡ፣ ብርሃን ያየ ለት የሚጠቁር ዝልግልግ።
የከተማ ሰው ኢሙልሽን ይለዋል።
እሷ፣ ወተት።

ኔጋቲቩ አንድ ብቻ ነው።
እዚህ፣ ሰው ሰፈር ሲለቅ ቤቱን አይለቅም፤
ከነጣራው፣ ከነመስኮቱ ያነሳዋል።
በሬ ጥማድ በጥማድ ይሰለፋል፣
ግንድ ከሥር ይንከባለላል፣
መንደሩ በሙሉ ገመድ ላይ ይደረደራል።
ያን ቀን ከሰልፉ ዳር፣ ወንድሟ ቤላርሚኖ፣
ገመዱ ትከሻውን ሰርስሮት፣ አፉ ለጩኸት ተከፍቶ፣
ቤት ሲያነሳ ተነሳ።

በዓመቱ ባሕር ወጣ። ጀልባው ተመለሰ፤
ሞተሩ እንደሞቀ፣ ቀዩ መብራት እንደበራ።
እሱ አልተገኘም። አልታጠበም። አልተገነዘም።
ለስሙ የተሠራው ሳጥን አንድ ክረምት አፉን ከፍቶ ጠበቀ፤
በኋላ እናትየው ድንች ሞላችበት፣
«ባዶ ነገር ቤት ውስጥ አይቀመጥም» ብላ።

የመጀመሪያው ሳንቃ ከዚያው ቤት ግድግዳ የወለቀ ነበር፣
አያቷ ሳይወለዱ የተፈለጠ አሌርሴ።
ቀባችው፣ አደረቀችው፣ ከማጉያው ሥር ሃያ ቆጠረች፤
መድኃኒቱን በስፖንጅ አፈሰሰችበት፤
ግንባሩ መጣ፤ ከዚያ ገመዱ፤ ከዚያ ጥርሱ፤
ደስታ አቻኮላት፣ ምድጃው ላይ ያገኘችውን ውሃ ደፋችበት።
ፊቱ እንደ ወተት ስልባቦት ከጠርዙ ተላጠ፣
ተንሳፈፈ፣ አንዴ ታጠፈ፣
በሳህኑ ከንፈር ተሻግሮ በቦዩ ወረደ።
እጇን ሰደደች።
ጣቷ መሀል የቀረው ግማሽ ጆሮ ነው።

አናጢው ፕላሲዶ ሳንቃውን አሸተተ፣ በጥፍሩ ጫረ።
«እንጨት ጠጪ ነው፣ ልጄ። በመጀመሪያ ቫርኒሽ አጠጪው፤
ሲደርቅ ድገሚው።
የጠገበ እንጨት ነው የሰጡትን የሚይዝ።
ውሃሽም ይቀዝቅዝ፤
እዚህ አገር ደግሞ ቀዝቃዛ ውሃ መች ጠፋ!»

ሁለተኛው ሳንቃ መሀሉ ላይ ጉጥ ነበረበት።
ልትጥለው ነበር፤ ሌላ አልነበራትም።
እንደተባለችው አጠገበችው፣ ቀባችው፣
ብርሃን ሰጠችው፣
በቀዩ መብራት ሥር አጎንብሳ ጠበቀች።
የዛፉ ዕድሜ በደረቱ ላይ መስመር በመስመር ተኛ፤
ጉጡ የተከፈተ አፉ ላይ ገጠመ፤
የጀመረውን ጩኸት ዛፉ ጨረሰለት።

ከዚያ አጠበችው።
ከዝናብ በርሜል በቀዳችው ውሃ፣ ከግንባሩ ጀምራ፣
ከጆሮው ጀርባ፣ ከገመዱ ሥር ትከሻውን፣
ከነበረበት ይልቅ ወዳልታየው ጎን እያደላች፣
አንድ ሰዓት ይበቃል የተባለውን እስከ ንጋት።
ወገቧ አልታዘዝ ሲል ባልዲው ላይ ተቀመጠች።
የኮምጣጤው ሽታ ለሳምንት ከእጇ አልለቀቀም።

ፕላሲዶ መሰላሉን አስደግፎ ወጣ፤
ሳንቃው የወለቀበት ቦታ እንደ ወላቃ ጥርስ ያፏጫል።
ሚስማር በከንፈሩ እንደያዘ ጠየቀ፣
«ፊቱን ወዴት ላድርገው? ወደ ውጭ?»
ዞር ብላ ባሕሩን አየች። ባሕሩ የድስት ክዳን መስሏል።
«ባሕሩንማ አይቶታል።»
ገልብጦ መታው። ሦስት ሚስማር።

ከግድግዳው ወዲያ፣ እናትየው ድንች መላጥ አቁማ፣
«ማነው?» አለች።