አራተኛው እንግዳ

ላይደን፣ ምድር ቤት ውስጥ፣ ከቦዩ ውሃ ሥር፣
ስስ ገጽን በስስ ገጽ በሙጫ ስማግር፣
ከጃፓን የመጣ የቀልደኛ መጽሐፍ
በሁለት መቶ ዓመቱ እኔ ዘንድ ሊያርፍ።

ጸሐፊው (ይሉታል «ባዶ ማሰሮ» ብለው)
የኪራይ ዕዳውን በሳቅ የከፈለው፣
ሁለት ሞኞች ላከ በተራራው መንገድ፣
አንዱን ሆዱ ሲነዳው፣ አንዱ በአፉ ሲሄድ።

ፈረስ ተከራዩ፤ ፈረሱ አነከሰ፤
እነሱ ተሸክመው ማደሪያው ደረሰ።
የማደሪያው ጌታ ሦስት አልጋ ዘርግቶ
«የሦስት ሰው ክፈሉ!» አላቸው ተቆጥቶ።
ትንሹ ሞኝ ያኔ ጉሮሮውን ጠራርጎ፣
ለፈረሱ ሰግዶ፣ ባርኔጣ ዝቅ አድርጎ፣
እንዲህ ሲል መለሰ፦

ክብ ቀዳዳ።
ጠርዙ ቡናማ።

አራተኛው እንግዳ፣ ብል፣ በዚህ አልፏል፤
ሂሳብም ሳይከፍል ቀልዱን ተቀልቧል።

ከላይ ፎቅ ጠራኋት አሮጊቷን ቶኩኤን፤
በቀዳዳው አሻግራ አየችው ዓይኔን።
ዳርዳሩን አንብባ፣ ፊደል ለቅማ ለቅማ፣
ሳቀች።
እኔም ሳቅሁ፣ ምኑንም ሳልሰማ።

ማታ ብስክሌቴ ሰንሰለቷ ወልቆ
ጫንኳት በትከሻዬ፣ ዶፉ ካፖርት ዘልቆ፤
ለሞኙ አንድ መልስ መንገድ ላይ ሳስሰው፣
ልጨርሰው ብል
ቀድሞ ጨረሰው።