ሩብ ዙር

ኮዬ ፈጬ፣ አራተኛ ፎቅ፣
በስተጀርባው ማሳ፣ በስተፊቱ አቧራ፤
ባሌ አንዳርጌ ሲተኛ
አሸዋ የጫነ ሲኖትራክ ነው፣ ዳገት ላይ የሚያጓራ።
ግድግዳው ስስ ነው፤
አቶ ጨመዳ ከማዶ በመጥረጊያ እንጨት ይመታሉ።
እኔ ፊቴን በብርድ ልብስ እሸፍናለሁ።
እሱ ምን ያውቃል፣
ያንኮራፋል እንጂ አያኮርፍም፤
ሲነጋ «ደኅና አደርሽ?» ይለኛል።

ድምፁን ለምጄዋለሁ።
የምፈራው ሲጠፋ ነው።
ሞተሩ በድንገት ቀጥ፤
ደረቱ ይታገላል፣ ከአፉ ግን ምንም።
አንድ… ሁለት… በጨለማ እቆጥራለሁ፤
አሥራ ሰባት፣ አሥራ ስምንት፤
ከሜዳው ጅብ ይጮኻል፣ ቁጥሩን አልስትም።
ሠላሳ አንድ ላይ
ከጉድጓድ እንደወጣ ሰው ጉሮሮው ይፈነዳል፣
ይገላበጣል፣ ይተኛል።
እኔ እንደገና ከአንድ።

እናቱ ከመንዝ መጡና «ዱካክ ነው» አሉ፤
ቢላ ከትራሱ ሥር አኖሩ።
ዱካኩ ቢላ አይፈራም ኖሮ
በማግስቱም ደረቱ ላይ አደረ፤
ቢላውን ስፈራ ያደርኩት እኔ ብቻ ነኝ።

ከዚያ ያ ማክሰኞ መጣ።
ቱሉ ዲምቱ አደባባይ፣ በጠራራ ፀሐይ፣
ሰልፍ ውስጥ ቆሞ መሪው ላይ አሸለበ፤
መኪናው ዝም ብሎ ተንሸራተተ፣
የአንዲት ሴት የቲማቲም ሣጥን ላይ።
ሰው አልተጎዳም።
ቲማቲሙ አስፋልቱን አቀላው፣ ሴትዮዋ አለቀሰች፤
ባለመኪናው መጥቶ እጁን ዘረጋ፣
አንዳርጌ ቁልፉን ሰጠ።

ሐኪሙ ጣቱ ላይ ገመድ አስሮ አንድ ሌሊት አስተኛው፤
ጠዋት አፉን በባትሪ አየና
«ዱካክ የለም፣ ምላስህ ነው» አለው።
ምላስ አጥንት የላትም ይባል የለ?
አጥንት ስለሌላት ነው ለካ
በጀርባው በተኛ ቁጥር ወደ ኋላ የምትወድቀው፣
የትንፋሹን በር የምትዘጋው።
«ማሽኑ ውድ ነው፣ መብራትም ይሄዳል፤
ቢላም አያስፈልግህ፤
መንጋጋህን ወደ ፊት እንሳበው።»

ፈዲላ የምትባል ልጅ፣ ጥርስ ሠሪ፣
ሮዝ ሊጥ ሞልታ አፉ ውስጥ ከተተች፤
ዕድሜውን አሸዋ ሲጭን የኖረ ባሌ
በሊጥ ታፍኖ እንባ አቀረረ።
በሳምንቱ ጥርሱን በጄሶ አየሁት፣ ጠረጴዛ ላይ፤
በሃያ ዓመት ትዳር ያላየኋት አንዲት ሽራፊ፣
ጥግ ላይ፣ እንደ ልጅ ጥርስ ትንሽ።
«ይቺ መች ተሸረፈች?» አልኩት።
ዝም አለ።

ዕቃው ሁለት ግልጽ ቅርፊት ነው፤
አንዱ ለላይ፣ አንዱ ለታች፣
በጎንና ጎኑ ብሎን።
ፈዲላ መርፌ የምታህል ቁልፍ ሰጠች፤
ለእሱ ሳይሆን ለእኔ፤
«በየሳምንቱ ሩብ ዙር፤ አትቸኩይ፤
መንጋጋ እንደ በቅሎ ነው፣
ከጎተቱት እግሩን ይተክላል።»

የመጀመሪያው ሌሊት ምራቁ ትራሱን አራሰ።
በሁለተኛው አውጥቶ ወረወረው፤ አልጋ ሥር አገኘሁት።
ጠዋት ጠዋት ጥርሱ አልገጥም ብሎ
ቆሎ ሲቆረጥም አገጩ የሰው አገጭ ሆነበት።
ከንፈሩን ወደ ፊት ገፍቶ ይተኛል፣ እንደተቆጡት ሕፃን፤
ሃያ ዓመት ያላኮረፈ ሰው
ማንኮራፋቱን ሲተው ያኮረፈ መሰለ።

ሩብ ዙር። ሩብ ዙር።
በአምስተኛው ሳምንት አቶ ጨመዳ በር አንኳኩ፤
ባርኔጣቸውን አውልቀው፣
«ልጄ፣ አንዳርጌ… ደኅና ነው? ድምፁ ጠፋብን እኮ።»
ለቅሶ ሊደርስ የመጣ ሰው ፊት ነበራቸው።

ባለመኪናው ቁልፉን ገና አልመለሰም፤
«አንድ ወር ልየው» ብሏል።
አንዳርጌ በቀን አያሸልብም፤
ደረጃው ላይ ተቀምጦ የልጃችንን ሒሳብ ያርማል፣
ይሳሳታል።

ዛሬ የውሃ ሌሊት ነው።
ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቧንቧው ሲያስል ተነሣሁ፤
ጀሪካኑ እስኪሞላ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ
ትንፋሹን አዳመጥኩ፤
ይገባል፣ ይወጣል፣
ማርሽ የለው፣ ዳገት የለው።
እኔ ግን እንቅልፌ አልመጣም።
አንድ… ሁለት…
ለምን እንደምቆጥር አላውቅም፤
ውሃው ሞልቶ ወለሉ ላይ ሲፈስ ነው
ስንት እንደደረስኩ የጠፋብኝ።