ሠላሳ አንድ ሜትር

ጋሽ ሽባባው መጣ ሬዲዮኑን አቅፎ፣
እንደታመመ ልጅ በጋቢ ደግፎ።
«ፈረንሳዩ ጠፋ፤ ከትናንት ወዲያ ማታ
ሰላም ብሎኝ ነበር፤
ዛሬ ብፈልገው የለም ከዚያ ቦታ።»

ፈታሁት።
ድንጋዩ አዲስ ነው፤ ሽቦው አልላላ፤
አንቴናው አልዛገ፤ ምንም የለው ሌላ።
ጣቢያው ነው የሄደ።
«ለዳካር፣ ለአቢጃን ኤፍኤም ተክለናል፤
ለቀረው አድማጭ ግን በስልክ መጥተናል።»
ሰምቶታል እሱማ፤ ሰምቶ ግን አላመነም፦
ሠላሳ ዓመት ያደረ እንግዳ
እንዲህ አይሄድም።
ደግሞስ ማን ይንገራቸው፣
ጣና ዳር አንድ ጡረተኛ ሹፌር እንዳላቸው?

ተሳቢ ሲነዳ በጅቡቲ መስመር፣
ጋላፊ ኬላ ላይ ወረፋ ሲደረደር፣
ቃሉን እንደ ጥሬ አንድ አንድ እየለቀመ
ከዚሁ ሣጥን ነው ቋንቋውን የለመደ፣ እየደጋገመ።
ሚስቱ እንኳ ትላለች፦
«ከእኔ ጋር ሲጣላ በፈረንጅ አፍ ነው፤
ምን እንዳለኝ ሳላውቅ ይቅር የምለው።»

እኔም ከሰው አልቀረሁ፤ አምና ታፔላዬን
ቀለም ቀብቼ «ሞባይል» አሰኘሁት።
የጠዋት ፀሐይ ሲያርፍበት ግን
«ሬዲዮ» ከሥር ይነበባል።

ልጄ ትርንጎ ነች ስልኳን ያወጣችው፣
ሁለቴ ነካ አርጋ ድምፁን ያመጣችው፤
ጥርት ያለ፣ እንደ ታሸገ ውኃ።
ጋሽ ሽባባው አዳመጠ፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ።
«እሱ ነው» አለ። ቆየና፦
«ግን ምነው ቀረበኝ?
የማውቀው ሰውዬ ባሕር እያቋረጠ፣
እየሰመጠ እየወጣ፣
ከዘጌ እንደሚቀዝፍ ታንኳ
ነፋስ እየገፋው ነበር የሚመጣ።»

ቢሆንም ስልክ ገዛ። ሦስት ሳምንት ሰማ።
በአራተኛው ኔትወርክ ጠፋ ከከተማ፤
ለምን ያለ የለም፣ የመለሰም የለም።

በዚያ ሰሞን ማታ፣ ከመብራት ገመድ ርቆ፣
በሾላው ቅርንጫፍ ሽቦውን አጥልቆ፣
ሐይቁ ዳር አገኘሁት።
ቁልፉን ያዞራል፦ ቻይና፣ ዓረብ፣ አንድ የሚጮህ ሰባኪ፣
ከዚያ ሠላሳ አንድ ሜትር።
ሽሽሽ።
ከውኃው ይምጣ ከሣጥኑ አልለየሁትም።
«ምን ትሰማለህ?» አልሁት።
«ቦታውን» አለኝ፣ ዓይኑን ሳያነሣ።
«ቦታው እንዳለ ነው።»