መልስ ብቻ

ሠላሳ አንድ ደብዳቤ፣ በተልባ ክር ታስሮ፣
በቨርሞንት ኮረብታ፣ ከጣሪያ ሥር ኖሮ፣
ከዛገው መቀስ ጋር፣ ከበግ መሸለቻ፤
የዖርፋ ነው ሁሉም፣ የመላሿ ብቻ።
የትርዛ አንድ የለም።
ጠያቂዋ ጠፍታ መልሷ ነው የቀረኝ፤
ቅድመ አያቴን ሳላይ ስለ እሷ የነገረኝ
ገደል ማሚቶ ነው።

በመጽሐፉ ዖርፋ አማቷን ስማ ተመለሰች፤
ይቺኛዋ ዖርፋ እህቷን ስማ
ወደ ዊስኮንሲን እንደ ሄደች ቀረች።

«ላምሽ መሞቷን ሰማሁ፤ አዘንሁልሽ እኔም፤
ቀዩ ጥጃ ግን ይድናል፣ ክረምቱ ቢከፋም።»
«የቅቤውን ዋጋ ለአሣሄል አትንገሪ፤
በአሮጌ ካልሲ ቋጥረሽ ከዱቄቱ ሥር ቅበሪ።»
«ሸበትሁ ትያለሽ፣ በሠላሳ ዓመትሽ?
የእናታችን ፀጉር ነው፤ አትንቀዪው፣ ተዪው።»
«የላክሽው የፖም ዘር በቅሏል፤
አንዱን ጥንቸል በልቶታል።»

ላም ነበረቻት ማለት ነው።
ምሥጢርም ነበራት።

ደብዳቤ በዚያ ዘመን ከፋዩ ተቀባይ ነው፤
የአንዱ ዋጋ ሦስት ደርዘን እንቁላል ነው።
ዶሮዎቿን ቆጥራ፣ ቅርጫቷን ይዛ፣
ሁለት ሰዓት በጭቃ ትወርዳለች ትርዛ፣
የእህቷን ድምፅ ልትገዛ።

አሥራ ዘጠነኛው ግን አጭር ነው፤
«ስለ ጉድጓዱ የጻፍሽውን አነበብሁት።
ሁለተኛ እንዳትዪው።
ወረቀቱን እሳት ውስጥ ጨመርሁት።
የሕፃኑንስ ስም ለምን አልነገርሽኝም?
ሞቱን ብቻ ጻፍሽልኝ።
መጽሐፍ ቅዱሴ ላይ፣ ከቤተ ሰቡ ስም ተርታ፣
አንድ መስመር ትቼለታለሁ።»

ስለ ጉድጓድ ምን ይባላል?
ጥልቅ ነው ይባላል። ቀዝቃዛ ነው ይባላል።
የካቲት ላይ በረዶው በመጥረቢያ ይፈለጣል።
ማታ ማታ፣ ሰው ሁሉ ሲተኛ፣
አላውቅም። ተቃጥሏል።

የትርዛ አንድ የለም ብዬ ነበር።
ከሥር፣ በጨርቅ የተጠቀለለ፣ ሠላሳ ሁለተኛ፤
የእጅ ጽሕፈቱ ሌላ፣ ፊደሉ ወደ ቀኝ የተኛ።
ጀርባው ላይ የፖስታው ሹም በወፍራም ቀለም
«ተመላሽ። ዖርፋ ዐርፋለች።»
ሌላ ቃል የለም።

ወረቀት ልትቆጥብ፣ ገጹን ጽፋ ስትጨርስ፣
ጎኑን አዙራ በላዩ ጽፋለች እንደ አዲስ፤
አግድሙን ቁመቱ እየሰነጠቀው።
ሸማኔም ነበረች፤ ድርና ማጉ ይታያል።

ማጉ እንዲህ ይላል፤
አርባ በግ ሸለትን። የአሣሄል ጉልበት አብጧል።
ድርቆሹ ሳይደርቅ ገባ።
ከዛፎቹ ፈሳሽ ስድሳ ፓውንድ ስኳር አወጣን።
ባል ቢያነበው ምንም አይል።
ድሩን የፈለገ ወረቀቱን ማዞር አለበት።
አዞርሁት።

«እህቴ፣ ጉድጓዱን ከደንሁት።
ሳንቃውን በቅቤው ገንዘብ ገዛሁ፤
ምስማሩን ራሴ መታሁት።
አሣሄል ለምን አለኝ፤ ለጥጆቹ ነው አልሁት።
ለጥጆቹ ነው ብሎ ለጎረቤት ሲያወራ ሰማሁት።
ባልዲ የሚያሾልክ ቀዳዳ ትቻለሁ፣
ከባልዲ የማይሰፋ።»

ከዚያ ወዲያ ቃልና ቃል ይበላላሉ፤
«አሁን እኔ» ያለችበት ላይ በጎቹ ያልፋሉ።
ከግርጌ፣ ጠርዙ ጋ፣ «የልጁ ስም» ይላል፤
የመጀመሪያው ፊደል «ኤ» ይመስለኛል።
በመስኮት ብርሃን፣ በማጉያ መስተዋት፣ ሦስት ቀን አየሁት፤
ቀሪው ላይ
«ስኳር» የሚለው ቃል ተኝቶበታል።