ምልዓተ ጉባኤ

ድምፅ የለኝም እኔ፣ ያለኝ ብዕር ብቻ፤
ወንበሬም ከጥግ ነው፣ ከጠረጴዛው ዳርቻ።
ማን መጣ፣ ማን ቀረ፣ ማን ይቅርታ ላከ፣
የማንኛው ሐሳብ ከማን ጋር ታከከ፣
እሱን ነው የምጽፍ፣ ከምሽቱ አንድ ሰዓት፣
ማክሰኞ፣ መጋቢት፣ ዝናብ ባለበት ለት።

የምንሰበሰበው አንደኛ ክፍል ነው፤
ወንበሩ የልጅ ነው፣ ቁመቱ ስንዝር ነው።
ሜይሪግ፣ ሰብሳቢው፣ አርባ ዓመት አውቶቡስ የነዳ፣
ጉልበቱ አገጩን እየነካ
"ጀምረናል" ይላል።

ይህ የዌልስ መንደር ተራራ ፈልፍሎ፣ ሰንጥቆ፣
በሰሌዳ ድንጋይ የሩቅ ከተማ ጣሪያ አልብሶ፣ አድምቆ፣
የገዛ ትምህርት ቤቱ ግን ያፈሳል።
ጠብ… ጠብ…
ባልዲው ይመልሳል።

ዘጠኝ ናቸው በወረቀት። እኔ አልቆጠርም።
ወላጆች የመረጧቸው፣ ማዘጋጃ ቤት የላከው፣
ከመምህራን አንዲት፣ ከሠራተኛ አንዲት፣
ከመንደሩም ቦርዱ ራሱ "ና" ያለው፤
ርዕሰ መምህርቷ ኔሪስ በሹመቷ።
ዛሬ የመጡት አምስት።
የሃዌል በጎች እየወለዱ ነው።
የቴግዊንን ልጅ ትኩሳት ይዞታል።
የማዘጋጃ ቤቱ ሰው "መንገዱ ጎርፍ ነው" ብሏል፤
(ባለፈው ሐምሌም ጎርፍ ነበር፣ በጠራራ ፀሐይ።)
አንዷ ዝም ብላለች።
አምስት። የዘጠኝ ግማሽ፣ ወደ ላይ ተጠግቶ።
ይበቃል፣ ለጥቂት።

ተራ ቁጥር አራት፦ በጀት።
ወይ ጣሪያው፣ ወይ የወጥ ቤቱ የሥራ ሰዓት።

ዲልወን፣ ሃያ ሁለት ዓመት ሾርባ ያማሰለች፣
አተር የሚጠላውን የምታውቅ፣ ቁርስ ያልበላውን ከዓይኑ የምትለይ፣
የሠራተኞች ወኪል ሆና ከቦርዱ የተቀመጠች።
"በራስ ጉዳይ ዳኛ አይኮንም" አላት ሜይሪግ፣
ዓይኑን ከባልዲው ሳይነቅል።
ተነሣች። ትንሿን ወንበር ወደ ጠረጴዛው መለሰች፣
ልጆቹን ሁሌ እንደምታዛቸው፤
በሩንም በቀስታ ዘጋች።
በመስተዋቱ ትታየኛለች፦
ከተረሱ የልጆች ካፖርቶች ሥር
እንደ ተቀጣ ተማሪ ቆማ፣
የወደቀ ጓንት አንሥታ ጥንዱን ስትፈልግ።

ግዊሊም፣ ሠላሳ ዓመት መድኃኒት በሚዛን የለካ፣
"ጣሪያ ይቅደም" አለ፣ "እርጥብ ቤት ሳንባን ነው የሚነካ።"
"ባዶ ሆድስ?" አለች ኤልሪ፣ "ባዶ ሆድ ምኑን ይሆን የሚነካ?"
ኔሪስ ቁጥሩን ደግማ አነበበች፤ አልቀነሰ፣ አልጨመረ።
"እንግዲህ ድምፅ ስጡ" አለ ሜይሪግ፤
የግዊሊም እጅ ከጠረጴዛው መነሣት ጀመረ።

ያኔ ቆጠርኩ።
ሜይሪግ። ኔሪስ። ግዊሊም። ኤልሪ።
ደግሜ ቆጠርኩ፣
አንዳች ሰው ከቁም ሣጥኑ ይወጣ ይመስል።

"ክቡር ሰብሳቢ" አልኩ —
በስድስት ዓመት ውስጥ ድምፄን እዚያ የሰማ የለም —
"ዲልወን ስትወጣ ምልዓተ ጉባኤው ጎደለ።
መወሰን አይቻልም።"

ጠብ… ጠብ…

"እሷን ለመቀነስ እሷው ታስፈልጋለች?"
አለ ግዊሊም፣ መነጽሩን አውልቆ።
"እሷ ሳትሆን ወንበሯ።"

ሜይሪግ ለሃዌል ደወለ።
የበግ ጩኸት ሰማን፣ ከዚያ ነፋስ፣ ከዚያ ተቋረጠ።
ለሚቀጥለው ማክሰኞ ተቀጠረ።

አዳንኳት አልልም።
በጎቹ ወልደው ይጨርሳሉ፣ ጎርፉም ይጎድላል፣
በሚቀጥለው ማክሰኞ ወንበሩ ሁሉ ይሞላ ይሆናል።
ሳምንት ግን አምስት ምሳ ነው፤
አምስት ምሳ በአርባ አንድ ልጅ፣
ሁለት መቶ አምስት ትኩስ ሳህን።

በሩን ስከፍት የጓንቱን ጥንድ አግኝታለች።
"ጨረሳችሁ?"
"ተላልፏል" አልኳት። ከዚያ በላይ አልተፈቀደልኝም።
ገባች። የጠጣንባቸውን ኩባያዎች ሰበሰበች፣
ባልዲውን ደፍታ ከቦታው መለሰች።

እኔም ጻፍኩ፦
"ተራ ቁጥር አራት፣ አልተወሰነም።
ስብሰባው በሁለት ሰዓት ከአርባ ተዘጋ።"
ባልዲውን ማን እንደደፋው
የሚጻፍበት መስመር የለም።