ጉርድ ፎቶግራፍ

መጀመሪያ አቧራ መስላኝ ነበር፤
በሸሚዜ እጅጌ ወለወልሁ የስቱዲዮዬን መስታወት፤
መስታወቱ ጠራ፤ እሷ ግን እዚያው ናት፣
ከዓይኔ ዝቅ ብላ፣ ከቀኝ ጉንጬ አናት።

አምና ሰናፍጭ ነበረች፤ ዘንድሮ ምስር አከለች፤
ጠርዟ ተዛንፎ፣ ወረቀት ላይ እንደ ወደቀ ቀለም ሰረገች።
ዘሃራ «ታይ» አለችኝ። «ነገ» አልኋት። ጥቅምት አለፈ፤
ጥር ደግሞ ሠርግ ነው፤ ሙሽራው በር ላይ ተሰለፈ።

የቆዳ ሐኪም ቦሩ ነው። ደሴ ላይ «ቦሩ ሄደ» ማለት
ድሮ ሌላ ወሬ ነበር፤ የጨበጠህ እጁን የሚታጠብበት።
ስለዚህ በማለዳ ወጣሁ፣ ጉሙ ጦሳ ላይ እንደተኛ፣
ኮሌታዬን ቀና አድርጌ፣ ከሚኒባሱ ጥግ፣ እንደ ወንጀለኛ።
ረዳቱ ግን አንገቱን በመስኮት አውጥቶ «ቦሩ! ቦሩ!» ይላል፤
የኔን ስም ይመስላል።

ቁራጭ ወሰዱና ሦስት ሳምንት ቀጠሩኝ።
ሦስት ሳምንት ሰው ሳነሳ፣ ፊቶች ሁሉ ጠፉብኝ፤
የማየው ቆዳ ነው፤
ማርያም የሳመችውን፣ ኪንታሮቱን፣ ማድያቱን ነው።

ሐኪሟ ልጅ ናት፤ የኔን ሙናን የምታህል፤
«ካንሰር» ስትል ድምጿን ዝቅ አደረገች፣ እንደ ነውር ቃል።
«በጊዜ መጥተዋል፤ ሥር አልሰደደም፤ በቀዶ ጥገና ይወጣል፤
ከዙሪያው ደህናውም ሥጋ፣ ጥቂት አብሮ ይነሳል።»

ይነሳል!
ሠላሳ ዓመት ሰው ያነሳሁ ሰውዬ፣
በዚች ቃል ተያዝሁ፣ በገዛ እንጀራዬ።

ብዕር አወጣች፤ ጉንጬ ላይ መስመር አሰመረች፤
ከዓይኔ ሥር ተነስታ፣ እስከ ከንፈሬ ጥግ ወረደች።
መስታወት ሰጠችኝ።

እውነቱን ልናገር? ሞት አይደለም ያስጨነቀኝ፤
ጠባሳው ነው። አፈርሁም፣ ይህንን በመፍራቴ፤
ኮረዳ አይደለሁ፣ ሃምሳ ሦስት ዓመቴ!
ግን «ቀና በሉ፣ ፈገግ በሉ» ስል፣ ሰው የሚያየው ይህን ፊት ነው፤
ሕፃኑስ? ጥርሴን አይቶ አይደለም ወይ የሚስቀው?
መልክ በሚዘፈንበት አገር፣ በወሎ ምድር፣
የተሰፋ ጉንጭ ይዤ፣ እንዴት ነው «ሳቁ» ስል የምኖር?

ኮምፒውተር ሳይመጣ፣ በሹል እርሳስ ነበር፣
ነጋቲቭ ላይ ጎንበስ ብዬ፣ ጠባሳ የማጠፋ፤
የስንቱን ፈንጣጣ ደልድዬ፣
ስንቱን የተሰነጠቀ ቅንድብ፣ ያለ መርፌ ስሰፋ።

አረጋሽ የምትባል ሴት መጣች አንድ ቀን ከኩታበር፤
ልጇ ጂዳ ነው፤ ፎቶዋን ልትሰድለት ነበር።
ከአገጯ እስከ ጆሮዋ የእሳት ጠባሳ ነበራት፤
ጽድቅ መስሎኝ አጠፋሁላት።
ሂሳቧን ከፈለች። ፎቶውን አየች። ቆይታ መለሰችልኝ።
«ቆንጆ ናት፤ ግን ማን ናት?» አለችኝ።
«ልጄ እንቅልፍ የሚወስደው፣ ይቺን በጣቱ እየዳበሰ፤
ያችን ብልክለት፣ እናቴ ሞተች ብሎ አለቀሰ።»
ደግሜ አነሳኋት፣ በነጻ። ማታ ለዘሃራ ነግሬ
ሳቅሁባት። እንዴት አፈርሁ ዛሬ።

ለማክሰኞ ነው ቀጠሮዬ። ካርድ ክፍል «ሁለት ጉርድ ፎቶ» አሉኝ።
ሱቄን ዘጋሁ፤ ካሜራው በራሱ ጊዜ እንዲያነሳኝ
ሞልቼ፣ በርጩማዋ ላይ ተቀመጥሁ፤
«ቀና በሉ» አልሁ። ቀና አልሁ።
ምስሯ አለች፤ የብዕሩም መስመር ብታጠብ አልለቀቀም፤
ጣቴ ማውዙ ላይ ቆየ፣ እንደ ልማዱ፤ ግን አልተነቃነቀም።
አራት ይወጣል ካንድ ወረቀት። ሁለቱ ተረፉኝ፤
ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ለመቅደድ ከበዱኝ።

ዘሃራ ገባች፤ ከኋላዬ ቆማ አየቻቸው፤ ብዙም አላለች።
«ስፌቱ እስኪደርቅ፣ በየት ጎንህ ነው የምትተኛ?»
«በግራ።»
                    «እንግዲያ እኔ ነኛ
ከግድግዳው በኩል የምሆን» አለች።
ሄዳ ትራሶቹን ቀየረች።