ልክ

(ልብስ ሰፊው ቢራም ንዶንግ፣ ካዎላክ፣ ሴኔጋል)

እጅህን ዘርጋልኝ፣ ዋጋን ሊቀ መንበር፤
ሳትወፍር ለክቼሃለሁ፣ ያኔ ስንቸገር።
የፓርቲውን ባንዲራ በሻማ ስሰፋ
ዋጋ አልጠየቅሁህም፤ ክፍያዬ ተስፋ።

ዛሬ ለአረፋ ቡቡ ጨርቅ ይዘህ መጣህ፤
ከጨርቁ እጥፋት ውስጥ ወረቀት አወጣህ።
«ፈርም እንጂ ቢራም፣ ሕጉን እናርዝመው፤
ሁለት ዘመን አጠረን፣ ሦስተኛ እንጨምረው።
እንደ ሱሪ ጠርዝ ነው፣ ተርትረህ ልቀቀው፤
ያንተው ፓርቲ አይደል ወይ? ማንን ነው የምትፈራው?»

ጠርዝማ ይለቀቃል፤ የለመድኩት ሥራ።
ሜትሩ ከተሳበ ልክ በምን ይጣራ?
ያኔ ለነዚያኞቹ አደባባይ ቆመን
ያነበብነው አንቀጽ ለእኛ ሲሆን ጠበበን?

እኔም ንጹሕ አይደለሁም።
የፓርቲያችን ልጆች አምና የኩምባን ሱቅ ሲያሽጉ፣
ዓሣዋን ከነቅርጫቱ መንገድ ላይ ሲደፉ፣
«የነዚያ ደጋፊ ናት» ብለው፣ ያለ ፍርድ፣
በሬ ላይ ቆሜ ነበር፣ መርፌ በጥርሴ ነክሼ።
መርፌ የነከሰ አይናገርም ብዬ ራሴን አሳመንኩ።
ማታ ተፋሁት። እስከ ዛሬ ግን ይወጋኛል።

ካርዴን አልመልስም፤ ፓርቲዬን አልለቅም፤
ከእናንተው ስለሆንኩ ነው ይህን የማልፈርም።
እሑድ ስብሰባው ላይ ሜትሬን ይዤ እመጣለሁ፤
የኩምባን ሱቅ ቁልፍ እዚያው እጠይቃለሁ።

አሁን እጅህን አውርድ። ወገብህ ጨምሯል፣
ጨርቁ ግን ይበቃል፤ ረቡዕ ይደርሳል።
አትስጋ፤ አላጠብብህም፣ አላሰፋልህም፤
በልክህ ነው።